ሳያልፍሽ አንብቢ

ጋሽ ማኑሄ ወረቀቱን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልለውት ነበር። ከሌላኛው ኪሳቸው ደግሞ የአሻራ ቀለም የያዘች ክብ ቆርቆሮ አወጡና ክዳኗን ከፍተው ሰርኬ ፊት አስቀመጧት።

ሰርኬ ቀለሙን አየችው። በሃምሳ አንድ ዓመት ዕድሜዋ አውራ ጣቷን ያላሳረፈችበት ዓይነት ወረቀት የለም፤ የቀበሌ ቤት ውል፣ የእድር መዝገብ፣ ባሏ የሞተ ጊዜ ሆስፒታሉ የሰጣት ወረቀት። ሁሉም ላይ ያረፈው ያው አውራ ጣት ነው። ምን እንደሚሉ ግን አንዱንም አንብባ አታውቅም።

«እሱ ይቅር፣ ጋሽ ማኑሄ» አለች። «እፈርማለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋትና ፈገግ አሉ። የቸርቹ ሽማግሌ ከሆኑ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባሏን የቀበሩትም፣ ልጇን ከእስር በዋስ ያስወጡትም እሳቸው ናቸው። «ውይ፣ ረሳሁት ለካ! ተማሪ ሆነሻል። ጌታ ይባርክሽ፣ እህት ሰርኬ።» ቆርቆሮዋን ዘግተው መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን አነበቡላት።

አነባበባቸው የቸርች ማስታወቂያ እንደሚያነቡት ነበር፤ ፈጠን ያለ፣ የለመደ፣ ትንፋሽ የማይወስድ። ቃላቱ በጆሮዋ አጠገብ ሮጠው አለፉ። የያዘቻቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። አሽከርካሪው። በተፈቀደው ፍጥነት። ተበዳይ። በድንገት። እርቅ። ከጠረጴዛው ማዶ ሆና የተገለበጠውን ጽሑፍ በዓይኗ ስትከተል ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ከፊደሎቹ መሐል ቁጥር ነበረ፤ ተገልብጦም ቢሆን አወቀችው። 30።

ልጇ ፈቀደ ጀርባውን ሰጥቷቸው በሩ ላይ ቆሟል። የሐምሌን ዝናብ እያየ ነው፤ ወይም የሚያይ ይመስላል። መንጃ ፈቃዱን ከተቀማ አራት ሳምንት ሆነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከኋላው ስታየው ግን ትከሻው የሌላ፣ ያረጀ ሰው ትከሻ መሰላት።

«ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉ ጋሽ ማኑሄ። «ትራፊክ ፖሊሱም የጎማውን ምልክት አላገኘም፤ ዝናቡ አጥቦታል። እንግዲህ የተጎዳችው ዘመነች እርቁን ከፈረመች፣ አንቺም ከመሰከርሽ፣ ጠበቃው ፍርዱ ይቀልለታል ይላል። መንጃ ፈቃዱም ሳይመለስለት አይቀርም። ያለዚያ ግን ልጁ መታሰሩ ነው። የሰው አካል ጎድሏል።»

«እሷ ታውቃለች? የተጻፈውን?»

«ትናንት በስልክ አንብቤላታለሁ፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ቤቷ ሄደን እናነብላታለን። ምንም ትዝ አይላትም ተብሏል።»

ሰርኬ እስክሪብቶውን ተቀበለች። መምህር ቀዳማዊ እንዳስተማራት በሦስት ጣቷ ያዘችው። ሰ አለች በልቧ፤ ጻፈችው። ር። ኬ ላይ እንደ ልማዷ እጇ ተያዘ፤ ቆም አለችና ጨረሰችው። የአባቷን ስም ስትጨምር ጋሽ ማኑሄ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ። ሰርኬ ወዳጆ። ከክፍል ውጪ ስሟን ስትጽፍ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ጣቷን አየችው፤ ቀለም አልነካውም።

*

ጨዋታውን የጀመሩት በመጋቢት ነው።

ፈቀደ የሚነዳው ሚኒባስ የሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ተራ ከመያዙ በፊት እናቱን ጋቢና አስቀምጦ የጎልማሶች ትምህርት ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። ረዳቱ የሚሳፈረው አየር ጤና ስለሆነ እስከዚያ ድረስ መኪናው ውስጥ ያሉት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ላይ በየማስታወቂያው ፊት ያቆምላት ነበር። እሷ ጣቷን መስተዋቱ ላይ እያስኬደች «ጎ... ሚ... ስ... ታ» ስትል፣ «ጎሚስታ!» ብሎ መሪውን እንደ ከበሮ ይመታላታል። በኋላ ማቆሙን ተወና ቀስ ብሎ ማለፍ ጀመረ። «ሳያልፍሽ አንብቢ!» ይላት ነበር። ሥጋ ቤት። ፋርማሲ። የወንዶች ፀጉር ቤት። አንዱ ሱቅ ብቻ አስቸግሯት ከረመ። የባልትና ውጤቶች። ሁልጊዜ መሐሉ ላይ ስትደርስ ሱቁ ከኋላዋ ይቀራል።

ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ ሰው እያነበበ ሲስቅበት ወይም ሲደነግጥበት ያየችው ግድግዳና ቆርቆሮ ሁሉ፣ አሁን ለእሷም ይናገር ጀመረ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ፈቀደም ደስ ይለው ነበር። አባቱ ከሞተ ወዲህ እናቱ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። እሷ እየፈጠነች ስትመጣ እሱም ፍጥነት ይጨምርላት ጀመር፤ እሷ ደረሰችበት፤ እሱ ጨመረ። በግንቦት «ጨምር» የምትለው እሷ ሆናለች።

መምህር ቀዳማዊ «ቁጥር የሌለበት ቦታ የለም፤ ያገኛችሁበት ሁሉ አንብቡ» ብሏቸው ስለነበር የመኪናውን የፍጥነት መለኪያ ቀስትም ታነብ ነበር። ሃያ። አርባ። ስልሳ። ቀስቱ ወደ ቀኝ ባዘነበለ ቁጥር የምታነበው እየበዛላት የሚሄድ ይመስላት ነበር።

የጎልማሶቹ ፈተና የሚሰጥበት ቀን የሰኔ መጨረሻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የጣለው ዝናብ አላባራም። ከኮረት መንገዶቹ የሚወጡ ሲኖትራኮች በጎማቸው ያመጡት ጭቃ አስፋልቱ ላይ ተለቅልቆ ነበር። ፈቀደ ከመነሳቱ በፊት ወርዶ የፊት ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገ። «ይሄ ሊሾ ዛሬ ጉድ እንዳይሠራኝ» አለ። ጎማው ጥርሱ ካለቀ ቆይቷል፤ እንደ መዳፍ ለስልሷል። ለመኪናው ባለቤት ሦስት ጊዜ ነግሮት ነበር። ሦስት ጊዜም «ክረምቱ ይለፍና» ተብሏል።

ቀስ ብሎ ነበር የጀመረው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ልጇ የዚያን ቀን ቀስ ብሎ ነበር የጀመረው።

«ዛሬ ጨዋታው ይቅር፣ እማዬ። መንገዱ ጥሩ አይደለም።»

«እስከ ቁልቁለቱ ብቻ» አለችው። «ለፈተናው እንድሟሟቅ።»

«እማዬ...»

«አንድ ጊዜ! አሁን'ኮ ፈጣን ነኝ። ጨምር!»

ሳቀ። ጨመረ። ጎሚስታ አለች። ፋርማሲ አለች። ዝናቡ መስተዋቱ ላይ ይወርዳል፣ ዋይፐሩ ይጠርገዋል፣ እሷም በተጠረገችው ቅጽበት ውስጥ ፊደሎቹን ትለቅማለች። የባልትና ውጤቶች! ሳትሰናከል ጨረሰችውና እልል አለች። ቀስቱን አየች፤ ሰባን አልፏል። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ጋ ያለው ቀይ ክብ መጣ፤ መሐሉ ላይ ቁጥር አለው።

«ሠላሳ!» አለች።

ምልክቱ ምን እንደሚያዝ አላሰበችም። ያሰበችው ሳያልፋት ማንበቧን ብቻ ነው።

ዜብራው ላይ ፌስታል በራሷ ያጠለቀች ሴት ነበረች፤ ደብተር በብብቷ ይዛለች። ፈቀደ ፍሬን ረገጠ። ፍሬኑ ያዘ፤ ጎማው ግን መሬቱን አልያዘም። መኪናው ሳይጮህ፣ እንደ እርጥብ ሳሙና ተንሸራቶ ሄደ። ሰርኬ ከጋቢናው ከመውረዷ በፊት ሴትየዋን በጫማዋ አወቀቻት። ዘመነች ናት። ልብስ አጣቢ፤ ቤት ለቤት በእግሯ እየዞረች የምትኖር። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

*

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ጋሽ ማኑሄ ቀድመዋል። ፈቀደ ጃንጥላውን ወደ እናቱ አዘንብሎ ስለያዘው ግራ ትከሻው ሙሉ በሙሉ ረጥቧል። ሚኒባሶች ውሃውን እየረጩ ያልፏቸዋል፤ አንዱ ሲያልፍ ሾፌሩ ፈቀደን አወቀውና ጥሩንባ ነፋለት። ፈቀደ እጁን አላነሳም።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ። «እዚያ ስንደርስ ምንም አትናገሪ። ጋሽ ማኑሄ ይናገራሉ።»

«ምን እናገራለሁ?»

«አላውቅም። ብቻ ፊትሽ ይናገራል።»

ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ፣ መንገዱን እያየ፣ «ሠላሳ ብዬ ቃሌን የሰጠሁት ለራሴ ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ» አለ። «ፖሊሱ 'ለምን ፈጠንክ' ቢለኝ ምን ልለው ነበር? እናቴ ጨምር አለችኝ ልበል?»

ሰርኬ ስታረግዘው፣ ስትወልደው፣ በጀርባዋ አዝላው ኮልፌ ገበያ ስትውል፣ አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ነገር ይሸፍንልኛል ብላ አላሰበችም። የሸፈናት ጃንጥላ ከበዳት። ወደ እሱ ልትገፋው ሞከረች፤ እሱ መልሶ ወደ እሷ አዘነበለው።

*

ዘመነች የምትኖረው ከጋራዦቹ በስተጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ቤት ነው። በሩ ላይ የተቀበሏቸው የጎረቤቷ መካኒክ አቶ ጉተማ ናቸው፤ በእሷ ወገን ለሽማግሌነት የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ማኑሄ ደርሰው ተቀምጠዋል።

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ አቶ ጉተማ። «ዝናቡ ብቻ አብሯችሁ እንዳይገባ። ጣሪያው ራሱ ያስገባዋል።»

ዘመነች አልጋው ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ቀኝ እግሯ ከጭኗ እስከ ጣቷ ጀሶ ነው። ጀሶው ላይ፣ እጇ እስከሚደርስበት ድረስ፣ በእስክሪብቶ ፊደል ተጽፏል፤ ትልልቅ፣ የተንጋደደ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የወጣ። መነጽሯ የዚያን ቀን አስፋልቱ ላይ ተሰባብሯል።

«መጣሽ፣ ዴስኬ?» አለች ዘመነች።

«መጣሁ። እንዴት ነሽ?»

«እኔማ ተማሪ ነኝ። ብላክቦርዱን ይኸው ይዤዋለሁ።» ጀሶውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። «ፈተናው ላይ ምን ወጣ?»

«አልተፈተንኩም።»

«ምነው? አንቺ እግርሽ ደህና አይደል?»

አቶ ጉተማ ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት። ፈቀደ በሩ አጠገብ፣ ባኞው ላይ በተደገፈው የልብስ ማጠቢያ እንጨት አጠገብ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «እትዬ ዘመነች፣ እንዴት ዋሉ?» አለ። ዘመነች አየችው፤ ብዙ ቆየች እያየችው።

«ቁጭ በል፣ አንተ ልጅ። ቆመህ ስትታይ መኪና የምትጠብቅ ትመስላለህ።»

ጋሽ ማኑሄ በአጭሩ ጸለዩ። ከዚያ ስለ ይቅርታ ጥቂት ተናገሩ፤ ልጁ ከልቡ እንዳዘነ፣ አባት የሌለው ቤት ምሰሶ እንደሆነ፣ ሆስፒታል አንድ ቀን ሳይቀር ሲመላለስ እንደነበረ። ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ቀጥለው ወረቀቱን ከላስቲኩ አወጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

ዘመነች እጇን አነሳች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ትናንትና በስልክ ሲያነቡልኝ ሰምቻለሁ። እንደ ሚኒባስ ነው የሚያነቡት፤ እኔ ገና አንዱን ሳልሻገር ሌላው ይመጣብኛል። ሰርኬ ታንብብልኝ።»

ፈቀደ ቀና አለ።

«እህት ሰርኬ'ኮ ገና ጀማሪ ናት» አሉ ጋሽ ማኑሄ። «እስኪመሽ አትጨርሰውም።»

«ምን አስቸኮለኝ? የት ልሄድ ነው?» ዘመነች ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ዓይኗ ጋ ሳይደርስ ቀረ። «እሷ ፊደሏን እንደ ቅማል ነው አንድ በአንድ የምትፈልጋት። መዝለል አትችልም። የምፈልጋት ለዚህ ነው።»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሰርኬ ጋ ደረሰ። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከጀሶው አጠገብ ተቀመጠች። ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገች።

«እኔ... ተ... በ... ዳይ...»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይመታል። ጋሽ ማኑሄ ወረቀቱን በሙሉ በጨረሱበት ሁለት ደቂቃ እሷ ያነበበችው አንድ መስመር ብቻ ነው። ጠዋት በጆሮዋ አጠገብ ሮጠው ያለፉት ቃላት አሁን አንድ በአንድ ፊቷ ቆሙ፤ እያንዳንዱን በአፏ መያዝ፣ በምላሷ ማገላበጥ ነበረባት። አሽከርካሪው። በተ...ፈቀደው... ፍጥ...ነት። ከዚያ ጣቷ ቁጥሩ ሥር ደረሰ።

ልትዘለው ትችል ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ መዝለል አትችልም ብለው አምነዋል፤ ስለዚህ ሳትጠረጠር መዝለል የምትችለው ዛሬ ብቻ ነው።

«በሰዓት... ሠላሳ... ኪሎ ሜትር» አለች።

ከደረቷ የወጣው ድምፅ የዚያን ቀን ጋቢና ውስጥ የወጣው ድምፅ አልነበረም። ፈቀደ ባኞውን በእግሩ ነካው፤ ባኞው ጮኸ።

«ቀጥዪ» አለች ዘመነች።

«ሲያሽከረክር... ሳለ... እኔ... በድን... በድንገት... ሳላይ... ወደ መንገዱ... በመግባቴ...»

«በድንገት» አለች ዘመነች ለራሷ። ዓይኗን ጨፈነች። «ምን አውቃለሁ። እኔ ትዝ የሚለኝ የፌስታሉ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ፌስታሉ ላይ ሲንኳኳ። ከዚያ ሆስፒታል ነኝ። ለፈተናው ቸኩዬ ስለነበር ሮጬ ገብቼ ይሆናል። አንቺ አይተሻል፤ አንቺ ካልሽ ይሆናል።»

ሰርኬ ቀና ብላ ልጇን አላየችም። ብታየው ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ጣቷን ወደ ታች አወረደች። ጥፋቱ በራሴ ጥንቃቄ ጉድለት መሆኑን። በአሽከርካሪው ላይ ቅሬታ የሌለኝ መሆኑን። እያንዳንዱን አነበበችው፤ አንዱንም አልዘለለችም፤ አፏ ደረቀ። መጨረሻው ላይ ያገኘችው ጽሑፍ በጽሕፈት መኪና የተመታ አልነበረም፤ በእጅ የተጻፈ ነው።

«የዓይን... ምስክር። ሰ... ር... ኬ...»

ቆመች።

«ፈርመሽበታል?» አለች ዘመነች።

«ፈርሜበታለሁ።»

«በጣትሽ?»

«በእጄ።»

ዘመነች ከግድግዳው ተነስታ ቀና አለች። ሕመሙ ፊቷን አጨማደደው፤ ግን ወረቀቱን ከሰርኬ እጅ ወስዳ ዓይኗ እስኪነካ ድረስ አቀረበችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ፊቷ ፈካ፤ እውነተኛ፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ደስታ ነበር።

«ኬዋን!» አለች። «አቶ ጉተማ፣ ይዩልኝ እስቲ ኬዋን እንዴት አድርጋ እንዳሳመረቻት! አንቺ'ኮ ኬ ላይ እጅሽ ይያዝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አብረን ያለቀስንባት ኬ! ጎሽ፣ ዴስኬ። ጎሽ።»

ሰርኬ ወረቀቱን ለመቀበል የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ሠላሳ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«እማዬ» አለ ፈቀደ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ።

«ሰባን አልፎ ነበር። ቀስቱን አንብቤዋለሁ። በድንገት አልገባሽም፤ ዜብራው ላይ ነበርሽ፣ ደብተርሽን ይዘሽ። እሱ ቀስ ብሎ ነበር የጀመረው። ጨምር ያልኩት እኔ ነኝ። ዝናብ ነው፣ ጨዋታው ይቅር ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ጨምር ያልኩት። ማስታወቂያ እያነበብኩ። ሳያልፈኝ...»

እንደምታነበው አድርጋ ነው የተናገረችው፤ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳትዘል። ጨዋታውን ነገረቻት። ሊሾውን ጎማ ነገረቻት። ቀዩን ክብ ነገረቻት። ስትጨርስ አቶ ጉተማ ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ላይ ያለውን ጣሳ አነሱ፤ ገና አልሞላም፤ መልሰው አስቀመጡት።

ዘመነች ወረቀቱን ከዓይኗ ሥር አላነሳችም ነበር።

«የባልትና ውጤቶችን አነበብሽው?» አለች።

«አነበብኩት።»

«ሳትሰናከዪ?»

«ሳልሰናከል።»

ዘመነች ራሷን ነቀነቀች። ቀስ ብላ ወረቀቱን ጀሶው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሩ ተከፈተ። ፈቀደ ነው የወጣው፤ ጃንጥላውን አልያዘም። ጋሽ ማኑሄ ተነሱ። ወረቀቱን ከጀሶው ላይ አንስተው አጣጥፈው ወደ ላስቲኩ መለሱት።

«ጠዋት ምነው አልነገርሽኝ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠዋት ብትነግሪኝ ሌላ እንጽፍ ነበር። አሁንማ ሽማግሌዎች ፊት ልጅሽን በገዛ አፍሽ አስረሽው ወጣሽ።»

ሰርኬ ጠዋት ያልነገረቻቸው ስላልጠየቋት አይደለም። ጠዋት የፈለገችው ስሟን ጽፋ መፈረም ነበር።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዘመነች ፊቷን ሳትመልስ ጠራቻት።

«ሰርኬ።»

«አቤት።»

«ነገ ነይ። ይቅር ስላልኩሽ አይደለም፤ አላልኩሽም። የእህቴ ልጅ ሄቨን ሥራ ስትሄድ ሽንት ቤት የሚወስደኝ ሰው የለም። አቶ ጉተማ ወንድ ናቸው፤ አፍራለሁ።»

«እመጣለሁ።»

«በጠዋት። ሁለት ሰዓት ከመሆኑ በፊት።»

«እሺ።»

*

ዋናው መንገድ ላይ ስትደርስ ዝናቡ በርትቶ ነበር። ጃንጥላውን ይዛለች፤ አልዘረጋችውም። ዜብራው ጠርዝ ላይ ቆመች። ከራሷ በላይ ቀዩ ክብ ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ ያንጠባጥባል። ቀና ብላ ማየት አላስፈለጋትም።

ፈቀደ ማዶ ነበር፤ የተዘጋ ሱቅ ታዛ ሥር ቆሟል። ስትወጣ አይቷታል፤ አልሄደም። ወደ እሷም አልመጣም። በመሐላቸው መኪኖች ያልፋሉ። ሚኒባሶቹ፣ ሲኖትራኮቹ፣ የቤት መኪኖቹ፤ ውሃውን እየሰነጠቁ፣ እየረጩ። ሰርኬ አሁን ቀስቱን ሳታይ መለየት ትችላለች። ስልሳ። ሰባ። ስልሳ አምስት። በክቡ ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ያነበበ አንድም መኪና አላለፈም። የአንዱ ሚኒባስ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አየር ጤና! ማዘር፣ ትሄጃለሽ?» ብሎ ጮኸባት፤ መልሷን ሳይጠብቅ መኪናው አለፈ፤ የረጨው ውሃ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ አራሰው።

ለልጇ የምትለው ነገር ፈለገች። አንድ ቃል ቢሆን ይበቃት ነበር። ግን ማዶ ነው፤ ዝናቡም ድምፅ ያፍናል።

ፈቀደ ከታዛው ወጣ። እስከ አስፋልቱ ጠርዝ መጣና ቆመ። ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተለጥፏል፤ ፊቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሁን ሌላ ነገር ከዚህ ማዶ አይለይም። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሌላ ሚኒባስ መብራቱን አብርቶ ሲወርድ ይታያል።

ፈቀደ እጁን አነሳ። መዳፉን ዘርግቶ ከፍ አድርጎ ያዘው። መኪናውን ቁም ማለቱ ይሁን፣ እሷን አትምጪ ማለቱ ይሁን፣ ሰርኬ አልለየላትም።

ወደ ልጇ ልትሻገር አንድ እግሯን ከጠርዙ ወደ አስፋልቱ አወረደች።